ያልተሰማኝ ውሃ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። ከወንዛዬ ተሽሎት የሚመለስ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውሃውን አልወቅስም። ውሃው እንደ ልማዱ ሙቅ ነበር። ሌላ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ትርንጎ እባላለሁ። የተወለድኩት ጉና ሥር ነው፤ የምኖረው ደብረ ታቦር። ሥራዬ የችሎት ጸሐፊነት ነው። ዳኛው ይጠይቃል፣ ተከራካሪው ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሳሽ ሲያለቅስ "አለቀሰ" ብዬ አልጽፍም፤ ከአፉ የወጣውን ቃል ብቻ ነው የምጽፈው። ብዙ ዓመት እንዲህ ስሠራ ልማዱ ከቢሮ ተከትሎኝ ቤቴ የገባ ይመስለኛል። ዘመዶቼ "ትርንጎ ልቧ ደረቅ ነው" ይላሉ። ባለቤቴ ሙሉቀን መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥ ተናግሮ ተናግሮ ስለሚመጣ ቤት ሲገባ ቃል ይቆጥባል። ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ጸጥ ያለ ቤት ነበረን።

ስኳር እንዳለብኝ የተነገረኝ ከዚህ ነገር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የውሃ ጥም አላስቀምጥ ብሎኝ ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ። ሐኪሙ "ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው። በኪኒን፣ በምግብና በእንቅስቃሴ ይያዛል፤ ብዙ ሰው አብሮት ይኖራል" አለኝ። "እሺ" አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ የዕለቱን ችሎት ጻፍኩ።

ማታ እራት ላይ ለሙሉቀን ነገርኩት።

"ስኳር ነው አሉኝ።"

"ነው እንዴ?" አለ። በማግስቱ የስኳር ጣሳው ከመደርደሪያው ጠፍቷል። የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም። ስለ በሽታዬ ቤታችን ውስጥ የተደረገው ንግግር ይኸው ነው ማለት እችላለሁ።

ሰው ስኳር የሚባለው በሽታ የምግብ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ምግቡስ ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው። ጠዋት ጣቴን ወግቼ ደሜን ስለካ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ጎሽ የተባለች ተማሪ እሆናለሁ፤ ከፍ ካለ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ የትናንቱን ጉርሻ ሁሉ እመረምራለሁ። ምንም ያላጠፋሁ ቀንም ከፍ ይላል። ያኔ ይግባኝ የሚባልበት የለም። ሠርግ ቤት "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" የሚለኝ አለ፤ እምቢ ስለው "ተጠየፈችን" ይባላል። እሺ ብዬ ስቀበል ደግሞ ከማዶ የተቀመጠችው ዓይኗን እጄ ላይ ትጥላለች። ሙሉቀን ምንም አይልም። ግን ሰሃኔን ያያል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንች ደግሞ አለ። ጉና ለተወለደ ሰው ድንች ቀንሺ ሲባል ምን እንደሚሰማው ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እህቴ አንጓች ድንች በደረሰ ቁጥር አንድ ጆንያ ትልክልኛለች። እኔም ዝም ብዬ ለጎረቤት አድላለሁ።

እግሬ የተለወጠው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ሳማ ይለበልበኝ ነበር። ከዚያ መለብለቡ ተወኝ፤ ዳንኩ አልኩ። ቆይቶ ግን ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ ስቆም ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኝ ጀመር። ዝቅ ብዬ አያለሁ፤ ካልሲ የለም። ለማንም አልተናገርኩም። ለሙሉቀን ብነግረው እግሬንም እንደ ሰሃኔ ማየት ይጀምራል ብዬ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝም "ደህና ነኝ" እለዋለሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱም ይቸኩላል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አንጓች ከጉና የወረደችው።

አንጓች ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ የምል ሕፃን ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነው የምላት። ገብስ ትዘራለች፣ በጎች አሏት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷው ናት። በራችንን ገፍታ ገባችና ቁጭ እንኳ ሳትል፣

"ተነሽ፣ ወንዛዬ እንሂድ" አለችኝ።

"ምን ልናደርግ?"

"እኔ ወገቤን፣ አንቺ ስኳርሽን። የኛ አገር ሰው ሁሉ እየሄደ እየተሻለው ነው።"

"እታለም፣ ስኳር በፍል ውሃ አይለቅም እኮ።"

"ባይለቅስ! ሰውነትሽን ታፍታቺበታለሽ። ፊትሽን አይተሽዋል? የታሰረ ሰው ነው የምትመስዪው።"

ሙሉቀን ከሚያነበው ቀና አለና "ሂጂ። ኪኒንሽን እንዳትረሺ ብቻ" አለ።

ኪኒኔን ያዝኩ። የደም መለኪያዋን ግን ሆን ብዬ ትራስጌ ትቻት ወጣሁ። ጥቂት ቀን ቁጥር ሳላይ መኖር አማረኝ።

በሚኒባስ ወረታ፣ ከወረታ ሐሙሲት፣ ከዚያ ደግሞ ባገኘነው መኪና አቧራ እየጠጣን ወንዛዬ ገባን። ከደብረ ታቦር ብርድ ለወረደ ሰው የአገሩ ሙቀት ራሱ ዕረፍት ነው። ሊታጠብ የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ወገቤን የሚል፣ ጉልበቴን የሚል፣ ልጅ አጣሁ የምትል። ከውሃው አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየን። ጎናችን ያረፉት ከእስቴ የመጡ አንዲት መነኩሴ ናቸው፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ምርቃት አላቸው።

ነገሩ የሆነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሴቶች በሚታጠቡበት በኩል ውሃው ከምንጩ የሚገባበት አንድ ጥግ አለ። ሰው ሁሉ ከዚያ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ቦታው ባዶ ስለነበር ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሰደድኩት። አንጓች ተከትላኝ መጥታ እግሯን ገና ስታስገባ ዘላ ወጣች።

"ውይ! ይሄ ውሃ ነው እሳት?"

"ውርጭ ላይ ውላ የምታድር ሴት ይሄን ትፈራለች?"

"ውርጭ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! አንቺስ እንዴት ቻልሽው?"

"የከተማ ሰው ጎበዝ ነዋ" አልኳት።

ተሳሳቅን። እሷ ከኋላዬ ደረቁ ላይ ተቀመጠችና ውሃው ከሚቀዘቅዝበት በኩል በጣሳ እየቀዳች ጀርባዬ ላይ ታፈስልኝ፣ ታሸኝ ጀመር። እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ስለ እናታችን አወራችልኝ፤ ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። እኔ የማላስታውሰውን ሁሉ እሷ ታስታውሳለች። ከዚያ ድንገት፣

"ድንቹስ ዘንድሮ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"ጥሩ ነበር።"

"ትዋሻለሽ። ጎረቤትሽ ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ 'እግዜር ይስጥልን፣ በልተን ጠገብን' ብላ አመስግናኛለች።"

ደንግጬ ዞሬ አየኋት። እሷ ግን እየሳቀች ነበር።

"ምነው አትነግሪኝም? ባቄላ እልክልሽ አልነበር?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ድንች ተከልክያለሁ ብለሽ ነዋ።"

"እሱን ማለት አቃተኝ" አልኳት። ቀጥሎ ያላሰብኩት ቃል አመለጠኝ። "ደክሞኛል፣ እታለም።"

"ከምኑ?"

"ከመጠንቀቁ። በሽታውስ ይህን ያህል አላሳመመኝም። ስነሳ መጠንቀቅ፣ ስበላ መጠንቀቅ፣ ሰው ቤት ስሄድ መጠንቀቅ። አንድ ቀን እንኳ 'ዛሬ ተይው፣ እረፊ' የሚል የለም። ችሎት እንኳ በክረምት ይዘጋል።"

ጀርባዬን ማሸቷን ቀጠለች። እግሬ እዚያው ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ብዙ ቆይተናል።

እማሆይ ሊታጠቡ ሲመጡ አዩኝና ደነገጡ።

"ልጄ፣ እዚያ ጥግ እኮ ማንም አይቀመጥም። ኧረ እግርሽን አውጪ!"

"ምንም አይል፣ እማሆይ። ለብ ያለ ነው።"

"ለብ ያለ?"

የሳቸውን ፊት ሳይ እግሬን አነሳሁት። ከቁርጭምጭሚቴ በታች እንደ በርበሬ ቀልቷል። የግራ እግሬ ቆዳ ከላይ በኩል እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ከሥጋው ለቋል። አየሁት። የራሴ እግር እንደሆነ የማውቀው ከጉልበቴ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብቻ ነው።

አንጓች ጎንበስ ብላ፣ ሕፃን የሚታጠብበትን ውሃ እንደምትለካ እናት ክርኗን ወደ ውሃው ሰደደችና ወዲያው መለሰችው።

"ትርንጎ፣ ይሄ አልፋጀሽም?"

"አልፋጀኝም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ነጠላዋን አውልቃ እግሬን ጠቀለለችው። ወደ ክፍላችን ስንመለስ ደግፋኝ ነበር፤ እኔ ግን መሄድ አላቃተኝም። ይህ ነው የከፋው። በዚያ እግር ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።

ክፍላችን ውስጥ እንደተቀመጥኩ እግሬ ውሃ እየቋጠረ ያብጥ ጀመር። ወሬው ተሰምቶ ሴቶች መጡ። አንዷ "ደግ ነው፣ በሽታው ነው እየወጣ ያለው" አለች። ሌላዋ የአክስቷን ልጅ ጠቀሰች፤ እንዲሁ ቆስሎ፣ መግል አውጥቶ፣ ድኖ ሄደ አለች። እማሆይም "መቼስ እሱ ያመጣውን እሱ ይመልሰዋል" ብለው አማተቡ። ክፉ ሰው አልነበረም ከመካከላቸው። ሁሉም ሊያጽናናኝ ነው የፈለገው። እኔም ልቤ ወደነሱ አደላ። እውነት መስሎኝ አይደለም፤ ስለደከመኝ ነው። "በሽታው እየወጣ ነው" የሚለውን ቃል ለመስማት ለዓመታት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ከማንም ይምጣ፣ እንዴትም ይምጣ።

"እንቆይ" አልኳት አንጓችን፣ ሰዎቹ ሲወጡ። "ሁለት ሦስት ቀን እንቆይና ሲደርቅ እንሄዳለን። ሙሉቀን እንዲህ ሆኜ አያየኝም።"

አንጓች እግሬ ሥር ቁጭ ብላ እያየችው ነበር።

"ላም እንኳ እሾህ ሲወጋት ታነክሳለች" አለች በመጨረሻ። "አንቺ አላነከስሽም። ይሄ እየወጣ ያለ በሽታ አይደለም፣ ትርንጎዬ። ገብቶ የተቀመጠ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"አልሄድም።"

"ትሄጃለሽ።"

በዚያ ጊዜ ያደረግኩትን ከዚያ በፊት በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ጮህኩ። "ተዉኝ! ሁላችሁም ተዉኝ! ይሄን አትብዪ፣ ያንን አትጠጪ፣ ደግሞ እግርሽን! ይቆረጥ! የሚቆረጥ ከሆነ ይቆረጥና ይውጣልኝ!" ደጅ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

አንጓች አልተቆጣችም። ጠበቀችኝ።

"ጨረስሽ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"በይ ጀርባዬ ላይ ውጪ። ይሄ እግር መሬት አይነካም።"

ቀኑ የገበያ ቀን ስላልነበረ ከደጃችን ባጃጅም መኪናም አልነበረም። መኪና የሚገኘው ላይ፣ ከመንገዱ ነው፤ መውጫው ደግሞ ዳገት ነው። ወንዶች መጥተው "ቃሬዛ እንሥራላት" አሉ። ቃሬዛ የሚለውን ቃል ስሰማ፣ ጀርባዋ ላይ እንዳለሁ፣ የአንጓችን አንገት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ እኛ አገር በቃሬዛ ሄዶ በእግሩ የተመለሰ ሰው ብዙ አይደለም። እሷም ገባት።

"እኔ እበቃታለሁ። ድሮም ያዘልኳት እኔ ነኝ" አለቻቸው።

ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ወገቤን ብላ የመጣች ሴት አዘለችኝ። ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ልቧ ሲመታ ከደረቴ ጋር ይሰማኛል። እግሬ በነጠላ ተጠቅልሎ ጎኗ ላይ ይወዛወዛል፤ እሱ ግን አይሰማኝም። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የፈራሁት። የሰው ልብ በልብስ ላይ እየተሰማኝ የራሴ ሥጋ ሲላጥ አልሰማኝም።

"ከብጄሻለሁ" አልኳት።

"ከብደሽኛል። ስኳር ያከሳል ሲሉ ውሸት ነው ለካ።"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሽ አጠራትና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። አረፈች፣ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና አዘለችኝ። አንድ ሰውዬ ከፊት እየሄደ ድንጋዩን በእግሩ ይጠርግላት ነበር። እማሆይ እስከ መንገዱ ድረስ በምርኩዛቸው እያዘገሙ ሸኙን።

አንድ አይሱዙ አግኝተን ሐሙሲት ስንደርስ ለሙሉቀን ደወልኩ።

"እግሬ ተቃጥሏል" አልኩት።

"በምን?"

"በፍል ውሃው።"

"በጣም ያምሻል?"

"አያመኝም።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ "የደብረ ታቦሩ ሐኪም ቤት በር ላይ እጠብቃችኋለሁ" አለ። ስንደርስ ቆሞ ነበር፤ በስንት ሰዓት እንደመጣ አልነገረንም፤ ግን ከንፈሩ በአቧራና በነፋስ ደርቋል።

ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ከሸፈነው በኋላ አንድ ወጣት ነርስ መጣ። ቁስል የሌለበትን የእግሬን ክፍል ሊመረምር ነው።

"እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ" አለኝ። "በዚህች ክር እግርዎን ነካ ነካ አደርጋለሁ። በተሰማዎት ቁጥር 'አዎ' ይበሉኝ።"

ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ኮሪደሩ ላይ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ሰማሁ። የሆነች ሴት ስም ስትጠራ ሰማሁ። ሙሉቀን ጉሮሮውን ጠረገ። ነርሱ ዕቃ የሚያዘጋጅ መስሎኝ ታገስኩት። ሲቆይብኝ፣

"ጀምር እንጂ፣ ልጄ" አልኩት።

ማንም አልመለሰልኝም።

"ጀምር፣ ዝግጁ ነኝ።"

"ጨርሻለሁ፣ እናቴ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ዓይኔን ስገልጥ አንጓች ቀሚሷን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ሙሉቀን ነርሱ እጅ ላይ ያለችውን ክር ያያታል። ሁለቱም አይተዋል። ክሯ በሁለቱም እግሬ ላይ ስትወርድ ስትወጣ ቆመው አይተዋል፤ እኔ ብቻ አላየሁም፣ አልተሰማኝምም።

ሐኪም ቤት ብዙ ተኛሁ። ቀኙ ዳነ። የግራው ትንሿ ጣት ጠቁራ አልመለስ ስላለች ተቆረጠች። ሐኪሙ ፍል ውሃው ላይ ቆይተን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በጣት እንደማያበቃ ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጣቴ በተቆረጠች ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንጓች አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እንባ ብቻ አልነበረም፤ ደረቷን እየመታች፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው ነው ያለቀሰችው። ጎኔ የተኙት ሁሉ ዞረው አዩን።

"እታለም፣ ኧረ ሰው ያያል። ማን ሞተና?"

"እግርሽ!" አለችኝ። "እግርሽ ሞቷል፤ ማንም አላለቀሰለትም። አንቺም አላለቀስሽም። ያን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ይዘሽ ተቀምጠሽ! እህት የላትም እንዴ ይቺ ልጅ?"

እኔም አለቀስኩ። ሲጀምር ለጣቴ መሰለኝ፤ ግን ለጣቴ አልነበረም። ለድንቹ አለቀስኩ። ሠርግ ቤት ሰው እያየኝ ለዋጥኳት ጉርሻ አለቀስኩ። "እሺ" ብዬ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቼ ወደ ሥራ ለገባሁባት ለዚያች ከሰዓት አለቀስኩ። ሙሉቀን ምሳ ይዞ ሲገባ ሁለታችንም ተቃቅፈን ስናለቅስ አገኘን። ሳህኑን አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"የስኳር ጣሳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለኝ ቆይቶ። "ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ነው። ቢያንስ እሱን ላንሳ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

"እናቴ በዚሁ ነው የሞተችው። ሰሃንሽን ሳይ እሷ ትመጣብኛለች።"

እናቱ ከመጋባታችን በፊት ነው የሞተችው፤ በምን እንደሞተች ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እኔ ሲሰልለኝ የኖረ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ለካ ሲፈራ ነው የኖረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ስኳር ያለበት ይኖራል፤ ባይኖርም ቤታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤታችሁ አይጠፋም። ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም። ጤናውን ላጣ ሰው ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። "አይዞሽ፣ ብዙ ሰው አለበት" ይባላል፤ እውነትም ብዙ ሰው አለበት። ግን ብዙ ሰው ሞቷል ብለን ለቅሶ አንቀርም። እኔ ኪኒኔን በሰዓቱ እውጥ ነበር፣ ምግቤን እጠነቀቅ ነበር፤ ያላወጣሁት ሐዘኔን ነው። እሱ ሳይለቀስለት ስለቀረ እግሬ ሲደነዝዝ ለሰው መንገር አቃተኝ። አንድ ነገር ከደበቁ በኋላ ቀጣዩን መደበቅ ይቀልላል።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ስታገኙ 'ምን በላህ?' ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ደክሞህ እንደሆነ ጠይቁት። እናንተም ያለባችሁ፣ እግራችሁን ተመልከቱ፤ ስለማያመን ደህና ነው አትበሉ። ማየት ካስፈራችሁ ደግሞ የምታምኑት ሰው ይይላችሁ።

አሁንም ስኳር አለብኝ። አሁንም ቁጥሩ ያለ ጥፋቴ ከፍ የሚልበት ቀን አለ፤ ያን ቀን "ዛሬ ተበሳጭቻለሁ" ብዬ ለሙሉቀን እነግረዋለሁ፣ ወጥተን ጥቂት እንሄድና እንመለሳለን። በጠባብ ጫማ ምትክ ሰፊ ገዝቻለሁ። ፍል ውሃ እግሬን አላስገባም፤ የቤት ውሃም ቢሆን መጀመሪያ ሌላ ሰው ይነካልኛል።

አመሻሽ ላይ ሙሉቀን መነጽሩን ያደርግና እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። መጀመሪያ ሰሞን በጣም አፍር ነበር፤ ለባሌ እግሬን ስሰጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዞር ነበር። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ እያየ ሳለ ቆም አለ። ተረከዜ ላይ አንዲት ስንጥር ተሰክታለች፤ መቼ እንደገባች አላውቅም። መርፌ በእሳት አቃጠለ፣ አልኮል ቀባ፣ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ነቀላት። ሲነቅላት ፊቱን እንደታመመ ሰው ጨምድዶ፣

"አመመሽ?" አለኝ።

አየሁት። አየኝ። ምን እንደጠየቀ ሲገባው ሳቁ አመለጠው፤ እኔም ተከተልኩት። ዕንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ጎረቤታችን ሰምታ ከአጥር ማዶ፣

"ምን ተገኘ እናንተ ቤት?" ብላ ተጣራች።

"እግሬ ላይ ስንጥር ተገኘ!" አልኳት፣ ጮክ ብዬ። "ስኳር እኮ አለብኝ፣ አይሰማኝም! ነይ ግቢ፣ እነግርሻለሁ።"